የተዘጋ የባቡር መስመር ታሪክ እንዴት ይፈለጋል? የብሪታኒያን ቅርንጫፍና ጠባብ ሐዲዶች ለሚከታተሉ

ከሎኮሞቲቩ አትጀምሩ።

የብሪታኒያን ትንንሽ የባቡር መስመሮች ታሪክ መፈለግ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ጭስ የሚተፋው ቆንጆ ሞተር ላይ ነው። ስሙን ይመዘግባል፣ ቁጥሩን ይመዘግባል፣ የተሠራበትን ፋብሪካ ያጣራል፤ ብዙ ቆይቶም መስመሩ ለምን እንደተዘረጋ፣ ገንዘቡን ማን እንዳወጣና ለምን እንደከሰረ ብትጠይቁት መልስ የለውም። ሞተሩ የትም አይሄድም፣ በኋላ ይደረስበታል። መጀመሪያ የሚጠየቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ምን ይጭን ነበር? በማን ገንዘብ ተሠራ? እነዚህን ከያዛችሁ የሐዲዱ ስፋትም፣ ኩርባውም፣ የጣቢያው ቦታም፣ የተዘጋበት ዓመት ሳይቀር እየተያያዘ ይመጣል።

(እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የያዛችሁት መስመር ምን ዓይነት ነው?

ቅርንጫፍ መስመር ከዋናው ተገንጥሎ ወደ ትንሽ ከተማ፣ ወደ ወደብ ወይም ወደ ማዕድን ማውጫ የሚገባው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሐዲዱ ስፋት እንደ ዋናው መስመር 1435 ሚሊሜትር ስለሆነ የዋናው መስመር ፉርጎ ሳይራገፍ ቀጥ ብሎ ይገባበታል። ጠባብ ሐዲድ የሚባለው ደግሞ ከዚያ ያነሰው ሁሉ ነው፣ አንድ ወጥ መጠን የለውም። ሰሜን ዌልስ ያለው ፌስቲንዮግ 597 ሚሊሜትር ነው። ታሊሊንና ጎረቤቱ ኮሪስ 686፣ ሊክ እና ማኒፎልድ 762፣ ሳውዝዎልድ 914 ነበሩ። ሬቨንግላስ እና ኤስክዴል ደግሞ በ1875 የብረት ማዕድን ሊጭን ሰፋ ባለ ሐዲድ ተከፍቶ በ1915 ወደ 381 ሚሊሜትር የወረደ ጉደኛ መስመር ነው።

ይሄ ቁጥር ለምን ያስጨንቀናል? የመስመሩን ዕድል የሚወስነው እሱ ስለሆነ ነው። ኮሪስ በ1948 ሲዘጋ የቀሩት ሁለት ሞተሮች በ1951 ወደ ታሊሊን ሄዱ፤ ስፋቱ አንድ ባይሆን ኖሮ ለታሊሊን ብረት ብቻ ነበሩ። ሌላው ችግር ጭነቱ ነው። ጠባቡ ከሰፊው በሚገናኝበት ጣቢያ ላይ እያንዳንዱ ኩንታል ከአንዱ ፉርጎ ወርዶ ሌላው ላይ መጫን አለበት፤ ይሄ ደግሞ ጊዜም ጉልበትም ይበላል። የሊክ እና ማኒፎልድ መሐንዲስ ኤቨራርድ ካልትሮፕ ይሄን ሲያስብ ሰፊውን ፉርጎ እንዳለ የሚሸከም ዝቅ ያለ ጠባብ ፉርጎ አሠራ። ስለዚህ ጠባብ መስመር ስታጠኑ መገናኛው ጣቢያ ላይ ብዙ ጊዜ አጥፉ። ትርፍና ኪሳራው የሚለየው እዚያ ነው።

የጭነቱን ነገር ፌስቲንዮግ ላይ በደንብ ታዩታላችሁ። ከብላይናይ ፌስቲንዮግ ተራራ ካባዎች ለቤት ክዳን የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ይወጣል፣ ፖርትማዶግ ወደብ መርከብ ይጠብቀዋል፣ በመካከላቸው ቁልቁለት ነው። መስመሩን የፈቀደው የፓርላማ አዋጅ በ1832 ወጣ፣ መስመሩ በ1836 ተከፈተ። ሐዲዱ ከላይ እስከ ታች ሳያቋርጥ እንዲያዘቀዝቅ ሆኖ ስለተነጠፈ የተጫነው ባቡር ያለ ሞተር በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ፍሬን የሚይዙ ሰዎች ብቻ ይቀመጡበታል። ፈረሶቹም አብረው ነበር የሚወርዱት! የራሳቸው ፉርጎ ነበራቸው፤ ተሳፍረው ይወርዱና ባዶውን እየጎተቱ ይመለሳሉ። የእንፋሎት ሞተር የመጣው በ1863 ነው። በ1869 ደግሞ ሮበርት ፌርሊ የነደፈው፣ ፊትና ኋላው አንድ የሚመስል ባለ ሁለት ራስ ሞተር ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት የተደረገውን ሙከራ ለማየት ከተለያየ አገር መሐንዲሶች መጡ። እንግዲህ ሞተሩ ታሪኩ ውስጥ የገባው ሐዲዱ ከተነጠፈ ከ27 ዓመት በኋላ ነው። ከሞተሩ የጀመረ ሰው ይሄን ሁሉ ዘሎታል ማለት ነው።

አዋጁን ፈልጉ

ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ መስመር የሰውን መሬት አስገድዶ ለመግዛት የፓርላማ አዋጅ ያስፈልገው ነበር። ለተመራማሪ ይሄ ትልቅ ሲሳይ ነው፤ አዋጅ የጠየቀ ሁሉ ዕቅዱን እስከ ኖቬምበር 30 ለፓርላማ ማስገባትና ቅጂውን መስመሩ በሚያልፍበት አውራጃ ጽሕፈት ቤት ማስቀመጥ ነበረበት። እነዚያ ቅጂዎች ዛሬ በየአውራጃው ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ከካርታው ጋር አብሮ የሚመጣ መዝገብ አለ፣ መስመሩ የሚነካው እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት የማን እንደሆነ፣ ማን እንደተከራየው፣ ማን እንደሚኖርበት የተጻፈበት። የተቃወመው ባለርስት ማን ነው፣ መስመሩ ለምን ያለ ምክንያት ይጠመዘዛል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ እዚያ ይመለሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የገባ ዕቅድ ሁሉ የተሠራ መስመር አይደለም። ገንዘብ ሳይገኝ ወረቀት ላይ የቀረ ብዙ አለ፤ የተሠራውም ቢሆን ከተሣለው ትንሽ ፈንጠር ሊል ይችላል። ዕቅዱን ከኋላ ከወጣ ካርታ ጋር ሳታስተያዩ አትመኑ።

ሁለት ሕጎችን በዓመታቸው ማወቅ ብዙ ያግዛል። የ1846ቱ ሕግ የመስመሩ የራሱ አዋጅ ሌላ ስፋት ካልወሰነ በቀር መንገደኛ የሚጭን አዲስ መስመር በ1435 ሚሊሜትር ስፋት እንዲሠራ ያዘዘው ነው። የ1896ቱ የቀላል ባቡር ሕግ ደግሞ ለየመስመሩ አዋጅ ማስወጣት ሳያስፈልግ በኮሚሽነሮች ትእዛዝ ብቻ ርካሽ መስመር እንዲዘረጋ ፈቀደ። ያኔ የገበሬው ኑሮ ተጎድቶ ስለነበር ነው ሕጉ የመጣው፤ ፍጥነቱ ይገደባል፣ በምላሹ የጥበቃውና የግንባታው ጣጣ ይቀላል። ከ1896 በኋላ የተሠራ ትንሽ መስመር ከያዛችሁ አዋጅ ሳይሆን ትእዛዝ ፈልጉ። በዚህ ሕግ የተጠቀመ ሰው ካነሳችሁ ኮሎኔል ሆልማን ስቲቨንስ ነው፤ ተንብሪጅ ከተማ ካለች ቢሮው ሆኖ የድሃ መስመሮች መንጋ ያስተዳድር ነበር። ስለ እሱ የሚያሳይ ሙዚየም ቴንተርደን ጣቢያ አጠገብ አለ፣ ኬንት ከሄዱ ሊያልፉት አይገባም።

አዋጅ ማንበብ ያሰለቻል፣ አልዋሽም። ግን የሉዊስ እና የኢስት ግሪንስቴድን ነገር ስሙ። ሳሴክስ ውስጥ ያለው ይሄ ቅርንጫፍ በ1955 ተዘጋ። አንዲት የአካባቢው ነዋሪ የድሮውን አዋጅ ስታገላብጥ በየቀኑ ባቡር እንዲሄድ የሚያስገድድ አንቀጽ አገኘች። የመንግሥት ባቡር ድርጅት ወዶ ሳይሆን ተገዶ በኦገስት 1956 አገልግሎቱን መለሰ፤ በቀን አራት ባቡር ብቻ፣ እሱም አዋጁ በስም በጠቀሳቸው ጣቢያዎች ላይ ብቻ እየቆመ። ባርኮምብና ኪንግስኮት አዋጁ ላይ ስላልነበሩ ባቡሩ እያለፋቸው ይሄድ ነበር። ነገሩ ፓርላማ ደርሶ መስመሩ በማርች 1958 ድጋሚ ተዘጋ። በዚያ ጫጫታ መካከል የተሰባሰቡ ሰዎች ናቸው በ1960 ብሉቤል የሚባለውን የበጎ ፈቃደኞች ባቡር ያስነሱት። ይህ ሁሉ ከአንድ አንቀጽ ነው የመጣው።

ወደ ኪው ስትሄዱ

ለንደን ኪው ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከ1948 በፊት የነበሩትን ኩባንያዎች ወረቀት በብዛት ይዟል። ማውጫው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይፈለጋል፤ የአንባቢ ካርድም ነፃ ነው፣ መታወቂያና አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት ያዙ። ሰነዱን በስልካችሁ ፎቶ ማንሳት ትችላላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት የሚሆንባቸውን ቀናት አረጋግጡ፣ የምትፈልጉትንም አስቀድማችሁ እዘዙ። ስኮትላንድ ላለ መስመር ኤድንብራ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ዌልስ ላለ ደግሞ አበሪስትዊዝ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት መታየት አለባቸው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው በቦታ ስም ስለሚፈልግ ነው። ወረቀቱ የሚቀመጠው በኩባንያ ስም ነው፣ ኩባንያው ደግሞ እየተዋጠ ይሄዳል። መጀመሪያ የአካባቢው ነጋዴዎች አክሲዮን ሸጠው ትንሽ ኩባንያ ያቋቁማሉ፤ ገንዘብ ሲያጥራቸው ትልቁ ጎረቤት ይከራየዋል ወይም ይገዛዋል፤ ከዚያ በጃንዋሪ 1923 አብዛኞቹ ኩባንያዎች በአራት ትልልቆች ተጠቃለሉ፣ በጃንዋሪ 1948 ደግሞ መንግሥት ወረሳቸው። ስለዚህ የአንድ መስመር ታሪክ አራት ቦታ ተበትኖ ታገኙታላችሁ። ታሊሊንና ፌስቲንዮግ ግን በ1948 አልተወረሱም፤ ለነሱ በየአውራጃው ቤተ መዛግብትና በየማኅበራቸው በኩል መሄድ ይሻላል። የዌልስ ስሞች አጻጻፍም ተለዋውጧል። ፌስቲንዮግ በድሮው አዋጅ ላይ በአንድ ኤፍ ነው፣ ዛሬ በሁለት ይጻፋል። በሁለቱም ፈልጉ።

ኪው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የማየት ጊዜ ካላችሁ የመንግሥት ተቆጣጣሪውን ሪፖርት እዩ። መንገደኛ ሊጭን የተዘጋጀ መስመር ሳይመረመር መከፈት አልነበረበትም፤ ተቆጣጣሪዎቹ ከጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች የመጡ ቆፍጣና መኮንኖች ስለነበሩ ያዩትን ሁሉ ይጽፋሉ፤ የድልድዩን ስፋት፣ የሐዲዱን ክብደት፣ ሽንት ቤት መኖር አለመኖሩን። ካፒቴን ሄንሪ ታይለር በ1866 ታሊሊንን ሲመረምር ድልድዮቹ ሥር በሠረገላውና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት መንገደኛ በር ከፍቶ ቢወጣ የማያሳልፍ ሆኖ አገኘው። ድልድይ ማፍረስ ውድ ነው፤ መፍትሔው ምን ሆነ? ሐዲዱ ድልድዮቹ ሥር ወደ አንድ ወገን ተገፋ፣ በዚያ ጠባብ ወገን ያሉት የሠረገላ በሮች ተዘጉ። ታሊሊን ላይ እስከ ዛሬ ሰው የሚሳፈረው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ጎብኚው ሁሉ ያየዋል፣ ምክንያቱን የሚያውቀው ግን ሪፖርቱን ያነበበ ነው።

ቤት ቁጭ ብሎ የሚሠራው

የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ካርታዎችን በነፃ አውጥቷል፣ ስኮትላንድን ብቻ ሳይሆን እንግሊዝንና ዌልስንም ጭምር። የድሮውን ካርታና የዛሬውን የሳተላይት ምስል ጎን ለጎን አድርጎ አብሮ የሚያንቀሳቅስ ገጽ አለው። አሪፍ ነገር ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ያስቀምጣል። የምትፈልጉት ለስላሳ ኩርባ ነው። የእርሻ ድንበር ይሰባበራል፣ ባቡር ግን በአንዴ አይታጠፍም፤ ስለዚህ ማሳ መካከል ረጋ ብሎ የሚጠመዘዝ የዛፍ መስመር ካያችሁ ጠርጥሩ። እዚያው ገጽ ላይ በሌዘር የተለካ የመሬት ገጽታም አለ፤ ከታረሰ በኋላ በዓይን የማይታይ የአፈር መደብ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይወጣበታል። ካርታ ላይ የታተመበትን ዓመት ሳይሆን የተለካበትን ወይም የታረመበትን ዓመት አንብቡ፣ ጠርዙ ላይ ተጽፏል። በሁለቱ መካከል ዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ።

ጋዜጣ ሌላው ነው። የዌልስ ጋዜጦች እስከ 1919 ያሉት በነፃ ይነበባሉ። የመላው ብሪታኒያ ስብስብ ክፍያ አለው፣ ግን ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ገብታችሁ በነፃ ታዩታላችሁ። ስለ ምረቃው የተጻፈውን ቶሎ አንብባችሁ እለፉት፤ ባንዲራ፣ ሙዚቃ፣ የከንቲባ ንግግር ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ፍሬው ያለው የባለአክሲዮኖች ስብሰባ ዘገባ ላይ ነው፣ ምን ያህል ቶን እንደተጫነና ለምን ትርፍ እንዳልተከፈለ የሚጨቃጨቁበት። ሐራጅ ማስታወቂያዎችንም እዩ። ዴቨን ውስጥ የነበረው ሊንተን እና ባርንስታፕል በሴፕቴምበር 1935 ሲዘጋ ንብረቱ በሐራጅ ተሸጠ፤ ሞተሮቹ ተቆራረጡ፣ ሊው የምትባለዋ ብቻ በቀጣዩ ዓመት መርከብ ላይ ወጥታ ብራዚል ገባች። እዚያ ዱካዋ ጠፋ፣ እስካሁን የሚፈልጓት ሰዎች አሉ።

የጉዞ ሰሌዳም እንዳትረሱ። ብራድሾው የሚባለው የባቡር ሰዓት መጽሐፍ ከ1839 እስከ 1961 ታትሟል። የሁለት የተራራቁ ዓመታትን ገጽ አስተያዩ፣ በቀን ስንት ባቡር እንደነበረና ከዋናው መስመር ባቡር ጋር መገናኘቱን እዩ። ቅርንጫፉ የሚደርሰው ዋናው ባቡር ከሄደ በኋላ ከሆነ ሰው ለምን ወደ አውቶቡስ እንደሸሸ ማንም ሊያስረዳችሁ አያስፈልግም።

ሰነዱ ላይ ማይልና ቼይን ያጋጥማችኋል። አንድ ማይል 80 ቼይን ነው፣ አንዱ ቼይን ወደ 20 ሜትር። ገንዘቡ እስከ 1971 አንዱ ፓውንድ 20 ሺሊንግ፣ አንዱ ሺሊንግ 12 ፔንስ ነበር። ሂሳብ ከመሥራታችሁ በፊት ልመዱት።

"ቢቺንግ ነው የዘጋው" ሲሏችሁ

ይሄን መቶ ጊዜ ትሰማላችሁ። የመንግሥት ባቡር ድርጅት ሊቀመንበር የነበረው ዶክተር ሪቻርድ ቢቺንግ የታወቀውን ሪፖርቱን ያወጣው በማርች 1963 ነው፤ 2,363 ጣቢያዎችና ወደ 5,000 ማይል የሚጠጋ መስመር እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ የተዘጋ ትንሽ መስመር ሁሉ የሱ ሥራ ሆኖ ቀረ፣ ከዚያ በፊት የተዘጋውም ጭምር! ሳውዝዎልድ በ1929 ተዘግቷል። ሊክ እና ማኒፎልድ በ1934፤ ኑሮው ወተት ነበር፣ ወተቱ ወደ ጭነት መኪና ሲዞር አበቃለት። ኬንት ውስጥ የነበረው የሆክኸርስት ቅርንጫፍ፣ ለቢራ የሚሆነውን ሆፕስ ለመልቀም ከለንደን የሚመጡ ቤተሰቦችን በየዓመቱ ያመላልስ የነበረው፣ በ1961 ተዘጋ። ቀኑን ሳታዩ ጥፋተኛ አትፈልጉ። በእኔ አስተያየት ጠባብ ሐዲዶችን የጨረሳቸው አንድ ሰው ሳይሆን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገጠር የገባው መኪና ነው።

ቀን ስትመዘግቡ ደግሞ አንድ የመዘጊያ ቀን የለም። መንገደኛ መጫን የቆመበት አለ፣ ጭነት የቆመበት አለ፣ ሐዲዱ የተነቀለበት አለ። ዌልሽፑል እና ላንፌር መንገደኛ ያቆመው በ1931 ነው፣ ጭነቱ ግን እስከ 1956 ቀጠለ። እሑድ የማይሠራ መስመር ከሆነ የመጨረሻው ባቡር ቅዳሜ ይሄድና በይፋ ተዘጋ የሚባለው ሰኞ ነው። ሆክኸርስት መደበኛው የመጨረሻ ባቡር ጁን 10፣ ይፋዊው ቀን ጁን 12። ሁለት ምንጭ ሁለት ቀን ከሰጣችሁ አንዱ ውሸታም ላይሆን ይችላል። የትኛው የምን ቀን እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

ቦታው ላይ

ካርታውን ከጨረሳችሁ በኋላ ሂዱ፣ በፊት አይደለም። ቅጠል በረገፈበት ክረምት መሄድ ይሻላል፣ በበጋ ቁጥቋጦው ሁሉን ይሸፍናል። የድልድይ እግሮች፣ ለሐዲድ ጠባቂው የተሠራች ብቻዋን የቆመች ትንሽ ቤት፣ ከአሮጌ ሐዲድ የተቆረጠ የአጥር ምሰሶ፣ "ጣቢያ" የሚል ስም ያለው ጣቢያ የሌለበት መንገድ፤ እነዚህን ፈልጉ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የተዘጋ መስመር አብዛኛው የግል መሬት ነው፣ የእግር መንገድ ካልሆነ ባለቤቱን ጠይቁ። የተዘጋ ዋሻ ውስጥ አትግቡ። ለጀማሪ የሊክ እና ማኒፎልድ ጥሩ ነው፤ ከ1937 ጀምሮ የሕዝብ መንገድ ሆኗል፣ ከወተርሃውስስ እስከ ሀልም ኤንድ በእግር ወይም በብስክሌት ይኬዳል። የስዌንስሊ ዋሻ ላይ ብቻ ተጠንቀቁ፣ አሁን መኪና ያልፍበታል።

በበጎ ፈቃደኞች የሚሠሩ መስመሮች ላይም ጎራ በሉ። ታሊሊን በ1951 ነው በዓለም የመጀመሪያው ሆኖ በበጎ ፈቃደኞች መሥራት የጀመረው፤ ታውይን ጣቢያው ላይ የጠባብ ሐዲድ ሙዚየም አለ። ቲኬት የሚቆርጠው ሽማግሌ ከማንም የበለጠ ሊያውቅ ይችላል፤ የነገራችሁን ግን እንደ ማንኛውም ምንጭ በወረቀት አጣሩ።

አዋጅ የሌለው መስመር

በባለቤቱ መሬት ላይ፣ ለባለቤቱ ካባ ብቻ የተሠራ መስመር አዋጅም ተቆጣጣሪም አያስፈልገውም ነበር። ብራድሾው ላይም የለም። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ የባቡሩን ስም መፈለግ ትታችሁ የባለርስቱን ስም ያዙ። ሰሜን ዌልስ ያለው የፔንሪን ካባ መስመር በ1801 ተከፍቶ እስከ 1962 ድንጋይ ሲያወርድ ኖሯል፤ ወረቀቱ ባንጎር ዩኒቨርሲቲ ባለው የፔንሪን ርስት ስብስብ ውስጥ ነው የሚፈለገው። ካባውንና ወደቡን ያስፋፋው ሪቻርድ ፔናንት ነው። "በማን ገንዘብ ተሠራ?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ ደግሞ መልሱ ዌልስ ውስጥ አያልቅም፤ ፔናንት ጃማይካ ውስጥ በባሪያ ጉልበት የሚሠሩ የሸንኮራ እርሻዎች ነበሩት። የእርሻዎቹም ወረቀት እዚያው ባንጎር አለ፤ ካባውን ለማየት ቀጠሮ ስትይዙ አብራችሁ እዘዙት።